ገላጋይ የሌለበት ጠብ

በፊልም ላይ ሰውን ከኋላው የሚመታ ወንበዴ አድርገውኛል። እኔ የገባሁት ለመገላገል ነበር። የፊት ጥርሶቼ የረገፉትም ስገላግል ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከሰፈሬ ውጭ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አሁን የሚያውቀኝ በዚያ ፊልም ነው።

ፊልሙን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሮብ ገበያ ላይ፣ ድንች ተራው አጠገብ፣ አክተሩና ባላንጣው በዱላ ይደባደባሉ። ገበያተኛው ዳር ቆሞ ያያል። አክተሩ ባላንጣውን አዳክሞ ሊጥለው ሲል፣ ከኋላው ጋቢ የለበሰ ጢሙ የሸበተ ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ ይመጣል። ሙዚቃው ይጎረብጣል። አክተሩ ድንገት ዞር ይልና አፉ ላይ ያሳርፍበታል። ሰውየው ድንቹ ላይ ይወድቃል። ያ የሚወድቀው እኔ ነኝ።

ስለ ፊልም ጠብ የምናገረው ሳላውቅ አይደለም። ወጣት ሳለሁ ደብረ ማርቆስ የእህል መኪና አራግፍ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ቪዲዮ ቤት እንገባለን። የጭቃ ቤት ነው፤ አግዳሚ ተደርድሮበታል፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል፣ የላብና የቆሎ ሽታ አለው። ፊልሙ የውጭ ነው። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ድሬ ካበቃሁ በኋላ፣ ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል፣ የምራቴ እኩያ በሆነች አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከሥር የሚጻፈውም በአፍ የሚነገረውም ለእኔ አንድ ነበር፤ የንብ ጩኸት። ጠቡ ሲመጣ ግን ተርጓሚ አልፈልግም። ማን እንደፈራ፣ ማን እንደኮራ፣ ማን ያለ ምክንያት እንደሚማታ ከትከሻው ይታወቃል። ሌሎቹ ታሪኩን ሲያወሩ እኔ ዝም ብዬ ጠቡን አነብ ነበር። ያኔ የማነበው እሱን ብቻ ነው።

እና ከዚያ አግዳሚ ላይ የገባኝን ልናገር። የፊልም ጠብ የሚያረካው ዱላ በመብዛቱ አይደለም። የተመታው ሰው ካላመመው እኔም አያመኝም፤ እኔን ካላመመኝ ደግሞ ምን አገባኝ። ጀርባው ላይ ወንበር ተሰብሮ፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ የሚሄድ ሰው ሳይ ይቀፈኛል። የሚቀፈኝ ውሸቱ አይደለም፤ ፊልም ውሸት መሆኑን ማንም ያውቃል። የሚቀፈኝ የሰው ሥጋ መናቁ ነው። ኩንታል ሲሸከም የዋለ ሰው ወገብ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ፊልም ላይ አክተሩ መማታት አልፈለገም ነበር። ሰደቡት፣ ገፈተሩት፣ ኮፍያውን ጣሉበት፤ እጁን ከኪሱ ለማውጣት አመነታ። እሱ ሲያመነታ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠብ ውኃ የመጠጣት ያህል አጭር ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ሌላውን ሁሉ ረስቼዋለሁ።

ሁልጊዜ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነበር፤ ገላጋይ የለም። ከተማው በሙሉ ቆሞ ሁለት ሰው ሲገዳደል ያያል። ሴቶቹ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ወንዶቹ ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ፣ መሐል የሚገባ አንድ ሰው የለም። አንድ ቀን ከሉማሜ በእህል መኪና የመጡ አዛውንት አብረውን ገቡ። ፊልም አይተው አያውቁም። ጠቡ ሲጋጋል ከአግዳሚው ብድግ ብለው፣ ዱላቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ «በሕግ አምላክ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም። ዞር ብለው እኛን አዩንና፣ «እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው ተቀምጣችሁ የምታዩት?» አሉን።

እኛ ወደ ፊልሙ ዞርን። ቆይተው ወጥተው ሄዱ።

በእኛ አገር ጠብ የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰው ዱላ ከተማዘዘ አጠገቡ ያለ ሰው ይገባል። ሥራ ይዤ ነበር፣ ዘመዴ አይደለም፣ አያገባኝም ማለት የለም። ቆሞ ያየ ሰው በኋላ «አንተስ የት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። «በሕግ አምላክ» ከተባለ ደግሞ የተነሳ ዱላ አየር ላይ ይቀራል። ያን ቃል ሰምቶ የሚመታ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገቡ መቀመጥ ያስጠላል።

አገባቡም ዘዴ አለው። ከፊት ከገባህ ለሌላው የተሰነዘረውን አንተ ትቀምሳለህ። ስለዚህ ከኋላ ነው የሚገባው። የራስህን ዱላ አግድም ከፍ አድርገህ በሰውየው ትከሻ ላይ ትዘረጋለህ፤ የእሱ ዱላ ሲወርድ ያንተ ይቀበለዋል። በሌላው እጅህ ወገቡን ትይዛለህ። ይህን ስሠራ ነው የኖርኩት። ሌላ የተመሰገንኩበት ነገር የለኝም። ሀብታም አይደለሁም፣ ቃሌ ሻካራ ነው፣ ሰርግ ላይ የሚጠራኝ ከልቡ ወዶ አይመስለኝም። ጠብ ሲነሳ ግን ከእርሻ ላይ ድረስ መጥተው ይጠሩኝ ነበር። እኔ በሕግ አምላክ ካልኩ ይቆማል፤ በቃ።

የፊልም ሰዎቹ የመጡት ጥቅምት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ዳይሬክተሩ ከልጄ ዕድሜ የማይበልጥ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ሽማግሌውን ሁሉ «ፋዘር» አሮጊቷን ሁሉ «ማዘር» የሚል ሰው ነበር። ገበያ መሐል አስቁሞን፣ እንደ ገበያተኛ ቁሙ፣ ስትፈሩ ይታይ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አለን። እሺ አልን። እኛም ፊልም ልናይ ነው መሰለን።

አክተሩና ባላንጣው ዱላ ተማዘዙ። ገና ከመጀመራቸው ጌሾ የምትሸጠው ሴትዮ ነጠላዋን ዘርግታ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ እያለች መሐላቸው ተወረወረች። ካሜራው ቆመ። ዳይሬክተሩ መጥቶ፣ ማዘር ትወና እኮ ነው፣ አልተጣሉም አላት።

«ካልተጣሉ ታዲያ ለምን ይማታሉ?» አለችው።

እንደገና ተጀመረ። አሁን ደግሞ ሦስት ጎረምሶች ገብተው አክተሩን ወገቡን ያዙት። ተው፣ ሰይጣን ነው፣ ይለፍህ እያሉ እያባበሉ እስከ በግ ተራ ድረስ ወሰዱት። ሰውየው ትወና ነው ትወና ነው እያለ ይጮኻል፤ እነሱ ደግሞ አዎ ወንድሜ፣ ገብቶናል፣ ብቻ ትንሽ ተናፈስ ይሉታል። የፊልም ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። የቀበሌውን ሰው ጠርቶ አነጋገረው፤ የቀበሌው ሰው መጥቶ ከአሁን በኋላ የሚገባ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው አለን። ቆምን።

ዱላቸው ከደረቀ ቀርቀሃ የተሠራ ቀላል ነገር ነው። ሲጋጭ ይንቋቋል እንጂ ሰው አይጎዳም። ዳይሬክተሩ በትንሿ ቴሌቪዥን እያየ አልጣመኝም ይላል። እውነት ይምሰል፣ ተናደዱ፣ ጥሉ ይታየኝ ይላል። ልክ ነበር፤ እኔም አልጣመኝም። ሁለቱ ሰዎች እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተጠባበቁ ነበር የሚማቱት። ደጋግመው ሲሠሩት የአክተሩ ቀርቀሃ ተሰነጠቀ። ሌላ የላቸውም። አንዱ ሮጦ ከቆምነው መሐል የአንዱን ዱላ ተውሶ ሰጠው፤ ወይራ ነው፣ ቅቤ የጠጣ። እንዲህ ያለ ዱላ አጥንት ይሰብራል። ለማን ልናገር፤ አትንቀሳቀሱ ተብለናል።

በዚያ ዱላ የመጀመሪያው ምት ባላንጣው ጆሮ ላይ አረፈ። ስቶ ነው የመታው፤ ይህን አምናለሁ። ባላንጣው ግን ጆሮውን ዳሰሰ፣ ደም አየ፣ የአክተሩን እናት ሰደበ። ከዚያ በኋላ ያለው ትወና አይደለም። ከትከሻቸው አየሁት። መጠባበቁ ቀረ። ዳይሬክተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በእጁ ቀጥሉ ቀጥሉ ይላል። አጠገቤ የቆመው ጎረቤቴ ትወና ነው አለኝ። ደሙስ? አልኩት። ባላንጣው በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፣ አክተሩ ወይራውን በሁለት እጁ አነሳ። ያ ዱላ ቢወርድ ያ ልጅ ዛሬ የለም።

በሕግ አምላክ አልኩ። ድምፄ ትንሽ አይደለም። ዱላዬን አግድም አንስቼ፣ ልክ እንደሚገባው፣ ከኋላ ገባሁ። ሰውየው ዞረ። ከዚያ የማስታውሰው ጉንጬ ሥር ያለውን ድንችና ጭቃ ነው፤ አፌ ውስጥም ጠጠር የመሰለ ነገር አለ። ጠጠር አይደለም። ከላዬ የዳይሬክተሩ ድምፅ ተሰማኝ። እኔን አልነበረም የሚያነጋግረው።

«ይዘኸዋል?» አለ።

ካሜራ ያዡ፣ «ይዤዋለሁ» አለው።

«አሪፍ ነው። በጣም አሪፍ ነው።»

ሐኪም ቤት በሚኒባሳቸው ወሰዱኝ። አክተሩ አብሮኝ ሄደ፤ መንገድ ላይ እጄን ይዞ አለቀሰ፣ ይቅርታ ጋሼ አለ። ከንፈሬ ተሰፋ። ስለ ጥርሴ ያኔውኑ ይቅር ብዬዋለሁ። ገላጋይ አንዳንዴ ይመታል፤ ይህ የሥራው ጠባይ ነው፤ ለዚህ ቂም የሚይዝ ሰው መጀመሪያውኑ መግባት የለበትም። ሰው በጥርሱ የተነሳ የሚንጨረጨር መስሎት ይህን የሚያነብ ካለ፣ አይደለም።

ፊልሙ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ ያየሁት ሉማሜ ሻይ ቤት ነው። ልጄን ጠይቄ ስመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ አንጋጧል። ገበያችንን አወቅሁት። የጌሾዋ ሴትዮ ዳር ቆማ አፏን ይዛለች፤ የገባችበትን ቆርጠው ጥለውታል። ከዚያ ራሴን አየሁ። አፌ ይከፈታል፤ በሕግ አምላክ የሚል ድምፅ ግን የለም። ድምፄን አውጥተው የጅብ የመሰለ ማጉረምረም አስገብተውበታል። ከእኔ በፊት ደግሞ ወንበዴዎቹ ተሰብስበው ሲመክሩ ያሳያሉ፤ አንዱ በእኔ ጋቢ ዓይነት ጋቢ ተጀቡኖ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ያ እኔ አይደለሁም። እንዲመስል ግን አድርገውታል። እንግዲህ ከወንበዴዎቹ ጋር መክሬ፣ ገበያ መሐል ሰውን ከኋላው ልመታ መጥቻለሁ ማለት ነው።

አክተሩ ዞሮ ሲመታኝ ሻይ ቤቱ አጨበጨበ። ከፊቴ የተቀመጠ ሹፌር ጭኑን በጥፊ መትቶ፣ «ይበለው» አለ። ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ፤ አላወቀኝም። ሻዬን ትቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ እስኪነሳ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ከሁሉ በላይ ያስጠላኝን ልናገር። ጥሩ ጠብ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ዱላ ሁሉ ልምምድ ነው፤ እኔ ከገባሁበት ጀምሮ ግን ሰው መብላቱን አቁሞ ነበር። ሹፌሩም ጭኑን የመታው ወዶ አይደለም። ምቱ እውነት ነው፣ አወዳደቄ እውነት ነው፣ የአክተሩ ፊት ላይ የሚታየው ንዴት እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏቸው ነበር፤ ተመልካች ይበለው የሚልበት ምክንያት። አክተር አንድን ሽማግሌ በወይራ አፉን ሲለው ይበለው ለማለት ሽማግሌው ክፉ መሆን አለበት። እና ክፉ አደረጉኝ። እውነቱን ለፊልማቸው ወሰዱት፣ ውሸቱን ለእኔ ተዉልኝ። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ያጨበጨብኩላቸው ሰዎች ስንቶቹ እንዲህ ወድቀው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ የፊልም ጠብ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ ወደሚወድቁት ነው።

ቤቴ ስደርስ ፊልሙ ቀድሞኝ ደርሷል። ስልክ ቤቶቹ በሚሞሪ ይገለብጡታል። የእኔን ቦታ ብቻ ቆርጠው የያዙም አሉ። የሰፈሬ ሰው እውነቱን ያውቃል፤ ቆሞ አይቷል። ገበያችን ግን የሰፈሬ ብቻ አይደለም፤ ከአምበር ይመጣል፣ ከማርቆስ ይመጣል፣ ከጮቄ ጥግ ይወርዳል። ባለቤቴ ተወው አለችኝ። ሳቅ ነው፣ ያልፋል፣ አንተ ነህ ያከበድከው አለችኝ። ልተወው ሞከርኩ።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ገበያ ቀን፣ በጋብቻ የተዛመዱ ሁለት ዋርሳዎች በባሕር ዛፍ ድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። እኔ ቅርብ ነበርኩ። በሕግ አምላክ ብዬ ገባሁ። አንደኛው ዱላውን አውርዶ ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ።

«አክተሩ መጣ» አለ። «ወገኖቼ፣ ጀርባችሁን ጠብቁ።»

ሰው ሳቀ። ከእኔ ጋር ሊገላግል የገባው ሰውም አብሮ ሳቀ። ዱላውን ያወረደው ዋርሳ እየሳቀ ሳለ ሌላኛው መታው፤ ክንዱ ከክርኑ በላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ገበሬ ነው፤ ክረምት ሊገባ ነው፤ ቀኝ እጁ ነው። ሁለቱን ይዤ ያለያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ዕለት ባለቤቴ ተወው አላለችኝም። እኔም ነገሩ የእኔ ፊት ጉዳይ አለመሆኑ ገባኝ። ቃሌ ሞቷል። በሕግ አምላክ ስል ካልቆመ እኔ ለምን እጠራለሁ፤ እኔ ካልተጠራሁ ደግሞ የሚቀጥለው የሚሰበረው ክንድ ላይሆን ይችላል።

ፍርድ ቤት ሂድ ያሉኝ ነበሩ። ምን ብዬ ልከስ? ጋቢዬን አስመሰሉት ልበል?

መስከረም ላይ ዳይሬክተሩ ክፍል ሁለት ሊሠራ ደብረ ማርቆስ ገባ ተባለ። ሄድኩ። ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘሁት። አወቀኝ፤ ተነስቶ አቀፈኝ፣ አጠገቡ ላሉት ይኼ ነው ሰውየው ብሎ አሳየኝ። እንደ ገዛው በሬ። ነገሩን ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ይህን አልክድም።

«ፋዘር፣ ፊልም እኮ ነው» አለኝ። «እውነት ነው ብሎ የሚወስደው የለም።»

«ታዲያ ያን ቀን እውነት ይምሰል እያልክ የጮህከው ለማን ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ሥራውን አስረዳኝ። ጠቡ ሞቶበት ነበር፤ ተመልካች አክተሩን እንዲወድ አደጋው ከማያየው በኩል መምጣት አለበት፤ እርስዎ ነዎት ፊልሙን ያዳኑት አለኝ። አሁን ሊነካው እንደማይችል፣ ሕዝቡ የወደደው ያንን ቦታ መሆኑን ነገረኝ። ለክፍል ሁለት ግን ሽበትዎ ያምራል፣ አስታራቂ ሽማግሌ አድርጌ ላሠራዎት እችላለሁ አለ። አስታራቂ ሽማግሌ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ታዲያ ምንድነው የሚፈልጉት አለኝ። ሮብ ቀን ና፣ ድንች ተራው ላይ ቆመህ ይህ ሰው የመጣው ሊገላግል ነው በል፣ ሌላ አልፈልግም አልኩት። ይህማ ፊልሙን ይገድለዋል አለ። ተነስቼ መጣሁ።

ሽማግሌ ላክሁ። የንስሐ አባቴና ገበያው ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሄዱ። ሐጂ ቀልደኛ ናቸው፤ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አገሩን ሁሉ ሲያስቁ ነው የሚውሉት። ዳይሬክተሩ ለእነሱም ፊልም እኮ ነው አላቸው። ቄሱ ስለ ስም መክረው መክረው ሲደክማቸው፣ ሐጂ ክፍል ሁለቱን የት ነው የምትቀርጸው ብለው ጠየቁት። እዚያው ገበያ ነው፤ ታሪኩ የሚቀጥለው ከዚያ ነው አላቸው።

«መልካም» አሉት ሐጂ። «እንግዲህ ሰው የሌለበት ገበያ ትቀርጻለህ።»

ቀልድ መስሎት ነበር። ሮብ ዕለት ካሜራውን ሲተክሉ ከድንች ተራው ሰው ጆንያውን እየጎተተ ወደ ላይኛው ሜዳ ሄደ። የጌሾዋ ሴትዮ የመጀመሪያዋ ናት። ተከትለው ወደ ላይ ሲመጡ ሰው ወደ ታች ወረደ። ማንም አልሰደባቸውም፤ ድንጋይ የወረወረ የለም፤ ሰላምታም አልተነፈጉም። ብቻ ካሜራው ባለበት የሚቆም ጠፋ። የቀበሌው ሰው ቢለምንም ቢቆጣም ድንቼን የትም ብሸጥ መብቴ ነው እያሉ ሄዱበት። በሚቀጥለው ሮብም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ ሐጂ ሱቅ ድረስ መጣ። አክተሩን ከአዲስ አበባ ላስመጣውና እሱ ይናገር አለ።

አክተሩ መጣ። ከስቷል፤ ወይም በፊልም ወፍሮ ታይቶኝ ነበር። ድንች ተራው ላይ አቆሙት፣ ሰው ከበበ። ዳይሬክተሩ የሚናገረውን አስጠንቶታል፤ በትወና ላይ በተፈጠረ ስህተት የሚል ነገር ነበር። አክተሩ ጀመረው። በትወና ላይ አለ፤ ቆመ። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይህ ሰው የመጣው ሊገላግለን ነው» አለ። «በሕግ አምላክ ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ነው የመታሁት።»

እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። አልሰማኝም ብዬ ነበር ጥርሴን ይቅር ያልኩት። ጌሾ ሻጯ ቀስ ብላ ነውር ነው ልጄ አለችው፤ እሱም አዎ እናቴ አላት። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ይጨምቃል። በዚያች ሰዓት ዞር ስል ካሜራው እየሠራ ነው። ያችንም ሊሸጧት ነው። ሐጂ ከእኔ ቀድመው አይተው ኖሮ፣ ጥላቸውን ዘርግተው ካሜራው ፊት ሄደው ቆሙ። ፀሐይ በረታችብኝ አሉ።

አክተሩ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሳሁት። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ከአፌ ወጣ እንጂ ከልቤ ለመውጣቱ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሰምቼ ነው ያለው ቃል ገና አልወረደልኝም ነበር። ቢሆንም ያን ቃል ማንም አላስገደደውም። ውሸት ተሰጥቶት ነበር፤ አልወሰደውም። ቄሱ አስታረቁን። ገና ጸሎቱ ሳያልቅ ጎረምሶቹ ስልካቸውን አውጥተው ከሰውየው ጋር ፎቶ ሊነሱ ተጋፉ። ከመካከላቸው አንዱ እኔን በክርኑ ገፍቶ አለፈ።

ፊልሙ አሁንም በየስልኩ አለ። ይበለው የሚልም አይጠፋም። ክፍል ሁለትን አላየሁትም፤ ጥሩ ነው ይላሉ።

አክተሩ ይቅርታ በጠየቀበት ዕለት ከቀትር በኋላ ጋቢዬን አጣጥፌ ልሄድ ስል በግ ተራ ጩኸት ተነሳ። አንድ ነጋዴና አንድ ሻጭ ተያይዘዋል፤ ሻጩ ዱላውን አንስቷል፤ በጉ ገመዱን በጥሶ ይሮጣል። ሩቅ ነበርኩ። ሮጬ የምደርስ አልመሰለኝም። ካለሁበት ሆኜ በሕግ አምላክ አልኩ። ጥርስ ስለሌለኝ ቃሉ ይሾልካል። ሻጩ እየተሳደበ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ማንንም ሳይመታ ዱላውን አወረደ። ነገሩ አለቀ የምለው እዚያ ላይ ነው፤ ሮብ፣ ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን።